ቤቱ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የማን ነበር?

በመቀሌ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ይላሉ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ገና ነው። ዛሬ በዚህች ከተማ ገዢን የሚያከስረው በካሬ ጥቂት ሺህ ብር ጨምሮ መክፈሉ አይደለም። ቤቱ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በማን እጅ እንደነበረ፣ ማን እንደፈረመበትና ማን እንደተበደረበት ሳያጣራ መፈረሙ ነው። ሻጩም ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። ወረቀቱን ሳያስተካክል ገበያ የወጣ ሻጭ ጥሩ ገዢ ሲመጣለት "ሁለት ሳምንት ታገሱኝ" ማለት ይጀምራል፣ ሁለቱ ሳምንት ሦስት ወር ይሆናል፣ ገዢውም ሌላ ቤት ያገኛል።

የክፍለ ከተማው ስም የተወሰደው በ1935 ዓ.ም. ከተነሣው የመጀመሪያው የወያነ አመፅ ነው። ቤቶቹን የሚመለከተው ታሪክ ግን ከዚያ እጅግ የቀረበ ነው። የትግራይ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጀመረ፤ በዚያው ኅዳር የፌዴራል ሠራዊት መቀሌ ገባ፣ ጊዜያዊ አስተዳደርም ተቋቋመ። ሰኔ 21 ቀን 2013 ከተማዋ እንደገና በትግራይ ኃይሎች እጅ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ መብራትም ሲመጣና ሲሄድ ከረመ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ በታኅሣሥ 2015 አውሮፕላን ወደ አሉላ አባ ነጋ ተመለሰ፣ ባንኮችም መከፈት ጀመሩ። በመጋቢት 2015 ደግሞ ሌላ ጊዜያዊ አስተዳደር ሥራ ጀመረ። በሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአንድ ከተማ ላይ ይህን ያህል ማኅተም ሲፈራረቅ የአንድ ቤት ፋይል ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ፋይሉ ከቤቱ ይቀድማል

ስለዚህ ገዢው ሳሎኑን ከማየቱ በፊት የይዞታ ማረጋገጫውን ወይም ካርታውን ኮፒ ይጠይቅ። ኮፒውን ይዞ ከሻጩ ጋር ወደ ክፍለ ከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሂድና ካርታው በቢሮው ካለው ፋይል ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጥ። "ካርታው ኦርጅናል ነው" የሚለው የደላላ ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም። ኦርጅናል ካርታ ኖሮ ፋይሉ ውስጥ እግድ፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ወይም በሌላ ሰው ስም የተጀመረ ዝውውር ሊኖር ይችላል። የሚጠየቀው ሰነድ ንብረቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ እሱም የተሰጠበት ቀን በጣም የቀረበ ይሁን። ከስድስት ወር በፊት የተጻፈ ማስረጃ ስለ ዛሬ የሚናገረው ነገር የለም።

ካርታው በእጅ ሲገባ ማኅተሙን ብቻ ሳይሆን ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። ካርታው፣ ውሉ ወይም የስም ዝውውሩ ከላይ በተጠቀሱት ዓመታት ውስጥ የተሰጠ ከሆነ ያ ብቻውን ችግር አለው ማለት አይደለም፤ በዚያን ጊዜም ሰው ቤቱን በሕጋዊ መንገድ ሸጧል፣ ወርሷል። ገዢው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ሰነድ እንዲያሳዩት ይጠይቅ። ከ2013 በፊት የማን ስም ነበር? ከዚያ ስም ወደ አሁኑ ስም የመጣው በምን ነው፤ በሽያጭ፣ በስጦታ፣ በውርስ ወይስ በፍርድ? በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ቀለበት ከጎደለ የጎደለውን ሞልቶ ማቅረብ የሻጩ ሥራ ነው።

ከዚያ ወደ ቦታው ይኬዳል፤ ሜትር ተይዞ። ካርታው ላይ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትርና በአራቱም ማዕዘን ያሉት አዋሳኞች ተጽፈዋል። በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ መንገድ የሚለውን በእግር እየዞሩ ማመሳሰል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ያልፈዋል። እንደ ሰብዓ ካሬ ባሉ አዳዲስ ሠፈሮች ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ ሜትር ወደ ጎረቤት ያለፈ አጥር ብዙ ነገር ነው። በአሮጌዎቹ የመሃል ከተማ ሠፈሮች ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ በከተማው ፕላን ላይ መንገድ ይሰፋል የተባለው በየት በኩል ነው? ይህን የሚመልሰው ፕላኑ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

የመቀሌ ፋይሎች የሚጻፉት በትግርኛ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከውጭ አገር መጥቶ የሚገዛና ትግርኛ የማያነብ ሰው ሰነዱን ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉሞ ይያዝ። ለትርጉም የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

የሚሸጠው በእርግጥ ምንድን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለሽያጭ የሚቀርበው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው። ይህ ለሕግ ተማሪ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። በቀዳማይ ወያነ አሮጌ የድንጋይ ቤት የሚገዛ ሰው ሻጩ በዓመት የሚከፍለው ትንሽ ግብር በዚያው የሚቀጥል መስሎት ከተፈራረመ በኋላ ይደነግጣል። ስለዚህ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ጽሕፈት ቤቱን "ወደ ሊዝ ሲዞር ስንት ይመጣብኛል?" ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

በሊዝ የተያዘ ጅምር ቤት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጦርነቱ ብዙ ግንባታ በየደረጃው አስቁሟል፤ አንዱ መሠረት ላይ፣ ሌላው ኮለን ላይ ቀርቷል። አዋጁ የሊዝ ባለመብት ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ እንደፈለገ እንዲሸጥ አይፈቅድም። ሽያጩ በአስተዳደሩ ክትትል በግልጽ መንገድ ይካሄዳል፤ ሻጩም የሚወስደው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዙ የሽያጭ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የተረፈው ለመንግሥት ይገባል። "በውክልና እናሳልፈዋለን" የሚለው የደላላ መፍትሔ ይህን ሕግ ለመዞር የሚደረግ ስለሆነ ገዢውን ባለቤት አያደርገውም፤ የሰው ቦታ ላይ በራሱ ገንዘብ የሚገነባ ወኪል ያደርገዋል።

የሚፈርመው ማነው?

ይህ ክፍል በመቀሌ ከሌላ ከተማ ይበልጥ ይከብዳል። የቤቱ ባለቤት ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ብዙ የትግራይ ቤተሰቦች የልጃቸውን በጦርነቱ መሞት በይፋ የተረዱት በጥቅምት 2016 በክልሉ መርዶ በተነገረ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ከሞተ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያምጡ፤ ሁሉም ወራሾችም ይፈርሙ። ከወራሾቹ መካከል ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚቱ በራሱ ፈቃድ ብቻ ሊሸጥ ስለማይችል ፍርድ ቤት ይፍቀድ። ገዢው እዚህ ላይ ማፈር የለበትም። ሐዘንተኛ ቤት ወረቀት መጠየቅ ይከብዳል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ልጁ አድጎ ሲከስ ግን ለሁሉም የባሰ ይሆናል።

ባለቤቱ የጠፋ ከሆነስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ መንገድ አለው፤ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲነገር ጥቅም ያለው ሰው ሊያመለክት ይችላል። ሂደቱ ጊዜ ይወስዳል። ፍርዱ ሳይመጣ "ይመጣል፣ አሁን ክፈሉ" የሚል ቤተሰብ ሲያጋጥም ገዢው ይጠብቅ ወይም ሌላ ቤት ይፈልግ።

ባለትዳሮች የጋራ ቤታቸውን የሚሸጡት ተስማምተው ነው። ባል ብቻውን ቢፈርም ሚስት ሽያጩ እንዲፈርስ ልትጠይቅ ትችላለች። በጦርነቱ ጊዜ ተለያይተው የቀሩ፣ አንዱ ሱዳን ሌላው መቀሌ የቆየባቸው ጥንዶች ስላሉ "ባለቤቴ እዚህ የለችም" የሚለው መልስ አይበቃም፤ ውክልናዋ ይቅረብ።

ውክልናም ሲመጣ ቃል በቃል ይነበብ። "ንብረቴን ያስተዳድርልኝ" የሚል ውክልና ለመሸጥ አይሆንም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ሕጉ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፣ የመሸጡ ሥልጣንም በግልጽ መጻፍ አለበት። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ስለዚህ በ2011 ወይም በ2012 የተሰጠ ውክልና ይዞ የመጣ ሰው ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን ያሳይ። በቪዲዮ ስልክ ወካዩን አግኝቶ ማነጋገር ምንም አያስወጣም።

የውጭ አገር ዜግነት የያዘ የትግራይ ተወላጅ በቢጫ መታወቂያው ቤት መግዛት ይችላል፤ መሠረቱ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው። በወንድም ስም ገዝቶ "የኔ ነው" የሚለው የቆየ ልማድ ለዚህ ሰው አስፈላጊ አይደለም፤ ወንድማማችነቱም ሳይጎዳ ይቀራል።

ባንኩ

ቤቱ በባንክ መያዣነት ተይዞ ከሆነ ቀሪው ዕዳ ከታሰበው እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ባንኮቹ ተዘግተው በቆዩበት አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ተበዳሪው መክፈል አልቻለም፤ ወለዱ ግን ሲቆጠር መቆየቱ የክልሉ ነጋዴዎች ትልቅ አቤቱታ ነበር። ሻጩ ለገዢ "ዕዳው ትንሽ ነው" ከማለቱ በፊት ከባንኩ የጽሑፍ መግለጫ ይውሰድ። ጥሩው አካሄድ ሦስቱ፣ ገዢ፣ ሻጭና ባንክ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ከሽያጩ ገንዘብ ዕዳው በቀጥታ ለባንኩ እንዲገባና መያዣው እንዲነሣ መስማማት ነው። ገንዘቡን ለሻጭ ሰጥቶ "ከፍለህ ካርታውን አምጣ" ማለት ደግነት እንጂ ግብይት አይደለም።

ባንክ በተዘጋበት ጊዜ በጥሬ ገንዘብ የተደረገ ሽያጭ በቤቱ ታሪክ ውስጥ ካለ የክፍያ ደረሰኝ አይገኝለትም። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ሻጭ ወይም ወራሾቹ ገንዘቡን መቀበላቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ማድረግ ያስፈልጋል። አስቸጋሪ ይመስላል፤ የመቀሌ ሰው ግን ሽማግሌ ልኮ ይህን መጨረስ ያውቅበታል።

ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ሮቶው

የመቀሌ የድንጋይ ቤት ለዓይን ጠንካራ ነው። ስንጥቅ ግን ከድንጋይ በታች ይጀምራል፤ ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ያረፈውን መሠረትም አብሮ ያንቀሳቅሳል። በር ሲዘጋ ወለሉን የሚፍቅ ከሆነ፣ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ጣሪያ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ አዲስ ቀለም የተቀባው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ መሐንዲስ ይጠራ። ቢቻል ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ማየት ነው፤ በጥር ሁሉም ጣሪያ ደህና ነው።

ስለ ውሃ ግን ረዘም ያለ ወሬ ያስፈልጋል። መቀሌ ለዓመታት የውሃ እጥረት የኖረባት ከተማ ናት፤ የዓይናለም ጉድጓዶች አልበቃ ብለዋት ተስፋ የተጣለበት የግባ ግድብ ሥራም በጦርነቱ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ "ቧንቧ ገብቷል" ማለት ውሃ አለ ማለት አይደለም። ገዢው በፈረቃ ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት ግፊቱ እስከ ጣሪያው ሮቶ መውጣቱን፣ ከመሬት በታች ታንከር መኖሩንና የቦቴ መኪና እስከ በሩ ድረስ መግባት መቻሉን ይጠይቅ። ይህን ሻጩን ሳይሆን ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ያሉትን እናት ይጠይቃቸው፤ በርሜል በስንት እንደሚገዙ ጭምር ይነግሩታል። ይህ ወጪ በየወሩ ስለሚመለስ ከዋጋው ላይ ለመደራደር ከቀለሙ መላጥ ይበልጥ ያሳምናል።

የመብራት ቆጣሪው በማን ስም ነው? ያልተከፈለ የመብራትና የውሃ ሒሳብ አለው? የዚህ መልስ በአንድ ደረሰኝ ያልቃል።

ዋጋ

በማገገም ላይ ባለ ገበያ ሁለት ዓይነት የተሳሳተ ዋጋ አለ። አንደኛው በ2012 ዋጋ የሚያስብ ገዢ የሚያቀርበው ነው። ሁለተኛው "ጎረቤቴ ይህን ያህል ጠየቀ" የሚል ሻጭ የሚጠራው ነው፤ ጎረቤቱ ጠየቀ እንጂ አልሸጠም። ሁለቱም የሚታረሙት በቅርብ ወራት በዚያው ሠፈር ገንዘብ ተቆጥሮ ባለቀ ሽያጭ ነው። ከአንድ ደላላ ሳይሆን እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ሁለት ሦስት ደላሎች መስማት ይሻላል።

የብሩ ነገር ደግሞ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በፊት 3 ሚሊዮን ብር የተባለ ቤት 52 ሺህ ዶላር ግድም ይጠይቅ ነበር፤ በ100 ብር ሲመነዘር ወደ 30 ሺህ ዶላር ወረደ። ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ገዢ ቤቱ የረከሰ መስሎት ሲቸኩል፣ በብር ደመወዝ የሚኖረው ሻጭ ደግሞ ሸጦ በተመሳሳይ ገንዘብ ሌላ ቤት መግዛት ያቅተዋል። ሲሚንቶው ከመሰቦ ፋብሪካ ቢመጣም ብረቱ፣ ኤሌክትሪኩና የመታጠቢያ ቤት ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ ሻጭ ከመሸጡ በፊት ቀጥሎ የት እንደሚገባ ይወስን።

የፖለቲካውን ነፋስ ማንም አይቆጣጠረውም። በመጋቢት 2017 የሕወሓት ክፍፍል እስከ ከተማው አስተዳደር ቢሮ ድረስ ሲዘልቅ እንደታየው፣ አንድ ሳምንት ያለፈውን ወር ወሬ ሁሉ ይለውጣል። በእንዲህ ያለ ሳምንት ለሚሸጥ ሰው ምክሩ አጭር ነው፤ ግድ ካልሆነበት አይሽጥ።

ዋጋውን በዶላር ቆርጦ "እዚያ ያሉት ዘመዶቼ ይቀበሉ" የሚል ሻጭም ይኖራል። ገዢው ይህን አይቀበል። አገር ውስጥ በውጭ ገንዘብ መገበያየት ሕግን ይጥሳል፤ ከዚያም በላይ ክርክር ቢነሣ በሌላ አገር በእጅ ለተሰጠ ገንዘብ መቀሌ ላለው ዳኛ የሚቀርብ ደረሰኝ አይኖርም።

ቀብድና ውል

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ሲያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። 200 ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ የተሻለ ገዢ መጣልኝ ቢል 400 ሺህ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" ወይስ "ቅድመ ክፍያ" ተብሎ እንደተጻፈ ሁለቱም ወገን ይወቅ፤ ፋይሉ ተጣርቶ ሳያልቅም ቀብድ አይሰጥ።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሆናል፣ አንቀጽ 1723ም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ምዝገባ ግዴታ መሆኑን ከወሰነ ወዲህ ጉዳዩ ብዙ ክርክር አስተናግዷል፤ ገዢ ግን የክርክሩ አካል እንዲሆን የሚያስገድደው ነገር የለም። በምስክሮች ፊት በደላላ ቢሮ የተጻፈው ወረቀት መንደርደሪያ ይሁን፤ ውሉ ተመዝግቦ ይጽደቅ። ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ ይሁን፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ስም እስኪዞር ይቆይ።

ብዙ ሰው ግብር ለመቀነስ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ያስጽፋል። በ4 ሚሊዮን የገዛ ሰው 1 ሚሊዮን ብሎ ፈርሞ ውሉ በፍርድ ቢፈርስ የሚመለስለት የተጻፈው ነው፤ ሦስቱ ሚሊዮን በቃል ቀረ። በዚያ ላይ ጽሕፈት ቤቱ የራሱን ግምት ስለሚያወጣ የተሸሸው ግብር ሊመጣ ይችላል።

የሚከፈለው ምንድን ነው? የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፤ በ4 ሚሊዮኑ ቤት 80 ሺህ ብር ማለት ነው። በሽያጩ በተገኘው ትርፍ ላይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 15 በመቶ ተደንግጓል፤ ሻጩ ራሱ የኖረበት ቤት በምን ሁኔታ ነጻ እንደሚሆን ከገቢዎች ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለም የቆየ ወሬ አይመን። የስም ማዛወሪያና የደላላው ኮሚሽን (ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ነው) የትኛው በማን እንደሚከፈል ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ሳይጻፍ የቀረው ሁሉ ወደ ጠብ ያመራል።

ሻጩ ገበያ ከመውጣቱ በፊት

ሻጩ ቤቱን ለደላላ ከመንገሩ በፊት አንድ ክላሴር ያዘጋጅ። ካርታው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የቦታና የቤት ግብር ወይም የሊዝ ደረሰኞቹ፣ የትዳር ማስረጃው፣ የባንክ መግለጫው፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኞቹ በዓመት ተደርድረው ይግቡ። በጦርነቱ ዓመታት ያልተከፈለ ግብር ካለ አሁን ይከፈል፤ የስም ዝውውሩን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የጠፋ ሰነድ ካለ ምትኩን ማውጣት የሚጀመረው ገዢ ሳይመጣ ነው። ያልተፈቀደ ተጨማሪ ክፍል ጓሮ ውስጥ ከተሠራም ለገዢው በግልጽ ይነገር፤ በሜትር ሲለካ ይታያልና።

ኦርጅናሉን ካርታ ግን ለማንም "ላሳየው" ላለ ደላላ አሳልፎ አይስጥ፤ ኮፒው ይበቃል። ቁልፉም ቢሆን ክፍያው ሳያልቅ ከእጁ አይውጣ።

ስም ከዞረ በኋላ ገዢው በስሙ የወጣውን ካርታ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ያስቀምጥ፣ ፎቶውንም በኢሜይሉ ለራሱ ይላክ። በዚያው ሳምንት የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ወደ ስሙ ያዙር፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ማመልከቻና የካርታ ኮፒ ስለሚጠይቁ አራት አምስት ኮፒ አስቀድሞ ማንሣት ምልልስ ይቀንሳል።